ተጓዥ ባለርስቶች

ካርኒቫል ይዞ ከከተማ ከተማ የሚዞር ቤተሰብ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ሥር የሌለው ኑሮ ነው። ዛሬ ድንኳኑን ይተክላል፣ መንኮራኩሩን ያቆማል፣ ሙዚቃውን ይለቃል፤ በሳምንቱ ሜዳው ላይ የሚቀረው የተረገጠ ሣርና የወረቀት ቁርጥራጭ ብቻ ነው። ልብ ወለዱም ፊልሙም ይህንኑ ሲደጋግሙ ኖረዋል፤ ከሕግ የሚሸሽ፣ ነገ የት እንደሚያድር የማያውቅ ሕዝብ አድርገው ይስሉታል። የብሪታንያ ተጓዥ ትርኢተኞች ታሪክ ግን ከዚህ ሥዕል ጋር አይገጥምም። በየዓመቱ በየትኛው ሳምንት፣ በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው የሜዳ ጥግ እንደሚቆሙ ከአያቶቻቸው ጀምሮ ያውቁታል። እነዚህ ቤተሰቦች ለልጅ ልጅ ሲያስተላልፉ የኖሩት ትልቁ ሀብት የእንጨት ፈረስ ወይም የብረት መንኮራኩር አይደለም፤ ቦታና ቀን ነው። ማሽኑ በየትውልዱ ተቀይሯል፣ የተመልካቹ አምሮትም ተቀይሯል። ንግዱ በቤተሰብ እጅ የቆየው ያ ቦታና ያ ቀን በሕግና በስምምነት ስለተጠበቀ ነው። ይህን ለማሳየት ወደ ኋላ ራቅ ማለት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታውና ቀኑ ትርኢተኞቹ ከመምጣታቸው በፊት ነበሩ። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ዓመታዊ ገበያ ማቆም እንዲሁ በዘፈቀደ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ንጉሡ በቻርተር ለአንድ ገዳም፣ ለአንድ መስፍን ወይም ለአንድ ከተማ የሚሰጠው መብት ነበር፤ ባለመብቱም ከነጋዴው ቀረጥ ይሰበስባል። ገበያው የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቅዱስ በዓል ዙሪያ ነው። ለቁልቢ ገብርኤል የወጣ ወይም የደብር ንግሥ ላይ የተገኘ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም፤ ሰው ለታቦት ይሰበሰባል፣ ንግዱና ጨዋታውም ሰውን ተከትለው ይመጣሉ። በለንደን የበርተሎሜዎስ ገበያ በ1133 በቀዳማዊ ሄንሪ ቻርተር ተፈቅዶ በስሚዝፊልድ ሜዳ እስከ 1855 ዘልቋል፤ በጨርቅ ንግድ ስሙ የተጠራው ገበያ በመጨረሻ ዘመኑ የአሻንጉሊት ቲያትር፣ የገመድ ላይ ተራማጆችና የዱር አራዊት ትርኢት መናኸሪያ ሆኖ ነበር። በኖቲንግሃም ዛሬም ድረስ የዝይ ገበያ እየተባለ የሚጠራው የመጸው ገበያ በ1284 በቀዳማዊ ኤድዋርድ ቻርተር ውስጥ ተጠቅሷል። ይህ ገበያ በቀኑ ላይ ምን ያህል የጸና እንደነበር 1752 ያሳያል። በዚያ ዓመት ብሪታንያ ከጁልየስ ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስትሻገር አሥራ አንድ ቀናት ከመቁጠሪያው ወጡ፤ ገበያው ግን ከመስከረም 21 ወደ ጥቅምት 2 ተዛውሮ በተፈጥሮ ወቅቱ ላይ ቀረ። ሁለት አቆጣጠር ይዞ ለሚኖር ሕዝብ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ፓርላማው ቀን ሊሠርዝ ይችላል፤ ዝይው የሚሰባበት ወር ግን በአዋጅ አይገፋም።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገበያው ዋና ምክንያት ከሥሩ ተነቀለ። ባቡር መጣ፣ የከተማ ሱቅ በየመንገዱ ተከፈተ፣ ጨርቅና ዝይ፣ አይብና ፈረስ ለመግዛት ዓመት መጠበቅ ቀረ። ነጋዴው ከሜዳው ሲወጣ ክፍት ቦታውን የሞላው ያው ድሮም ጥግ ይዞ የነበረው ትርኢተኛ ነው። የከተማ አስተዳዳሪዎችና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይህን በበጎ አላዩትም። ንግድ የሌለበት ገበያ ለእነሱ ስካርና ዝሙት የሚነግሥበት፣ ሠራተኛው ከፋብሪካው የሚቀርበት ሰበብ ብቻ ነበር። የ1871 የገበያዎች ሕግ በመግቢያው አንዳንድ ዓመታዊ ገበያዎች አላስፈላጊ፣ ለብልግና ምክንያት፣ ለነዋሪውም ጎጂ መሆናቸውን በግልጽ ያትታል፤ ባለመብቱ ከተስማማም የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ገበያውን እንዲሰርዝ ሥልጣን ይሰጣል። በዚህ ሕግ ብዙ ገበያዎች ጠፍተዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ሕጉ በምን ላይ እንደተነጣጠረ ነው። የትርኢተኛውን ማሽን አልወረሰም፣ ሰውየውንም አላሰረም። ቦታውንና ቀኑን ነው የነሳው፤ ያ ደግሞ ንግዱን ለመግደል ይበቃ ነበር። ጠላት የት እንደሚመታ ካየን ዋናው ሀብት የት እንደነበረ መገመት አይከብድም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። የዘመናዊውን ካርኒቫል የወለደው ቻርተር ሳይሆን የእንፋሎት ሞተር ነው የሚሉ አሉ፤ የሚያነሱት ማስረጃም ቀላል አይደለም። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ቶማስ ብራድሾ በቦልተን ከተማ በእንፋሎት የሚሽከረከር መጫወቻ አቆመ። ከዚያ በፊት የእንጨት ፈረሶቹን የሚያሽከረክረው አንድ እውነተኛ ፈረስ ወይም ነጻ መጫወት የሚፈልግ የሰፈር ልጅ ነበር። ቀጥሎ በኪንግስ ሊን የእርሻ ማሽን ይሠራ የነበረው ፍሬድሪክ ሳቬጅ ሞተሩን ከመጫወቻው መሐል አስገብቶ በዓለም የታወቀ ፋብሪካ መሠረተ፤ የሸማኔ ልጅ የነበረው ይህ ሰው የከተማው ከንቲባ ሆነ፣ በሕይወት እያለም ሐውልት ቆመለት። ከላይ ወደ ታች እየዋዠቁ የሚሮጡት በወርቅ ቀለም ያጌጡ ፈረሶች የዚህ ዘመን ፍሬ ናቸው። በብሪታንያ ፈረሶቹ የሚዞሩት በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ነው፤ ጋላቢው እንደ እውነተኛ ፈረስ ከግራ በኩል እንዲወጣ ታስቦ ነው ይባላል። በአሜሪካ በተቃራኒው ይዞራሉ። ከእነሱ ቀጥሎ በቴትፎርድ ከተማ የበሬል ፋብሪካ የሠራቸው ጎታች የእንፋሎት ሞተሮች መጡ፤ ቀን ሠረገላውን ይጎትታሉ፣ ማታ ደግሞ በአፍንጫቸው ላይ በተገጠመው ዲናሞ ሜዳውን በኤሌክትሪክ ብርሃን ያጥለቀልቁታል። በገጠር ከተሞች ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ መብራትን መጀመሪያ ያየው በቤቱ ሳይሆን በካርኒቫሉ ሜዳ ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ክርክሩን ግን የሚያግዘው የእኔን ወገን ነው። ማሽን የሚገዛ ሁሉ ሊገዛው የሚችል ዕቃ ነው። ሳቬጅ ለከፈለ ሁሉ ይሸጥ ነበር። ታዲያ ለምንድን ነው ማንኛውም ባለገንዘብ ገዝቶ የገባበት ንግድ ሳይሆን የጥቂት መቶ ቤተሰቦች ንግድ ሆኖ የቀረው? ራንዳል ዊልያምስ የተባለውን ትርኢተኛ እንመልከት። ለብዙ ዓመታት የሚያሳየው በመስተዋት ነጸብራቅ የሚሠራ የመናፍስት ትርኢት ነበር። በ1896 መጨረሻ በለንደን የእርሻ አዳራሽ በተደረገው የገና ካርኒቫል ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማሳየት ጀመረ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በየገበያው መናፍስቱ በነበሩበት ቦታ ፊልሙ ቆመ። የትርኢቱ ዓይነት ተለወጠ፣ የቆመበት ሜዳና የሚመጣበት ሳምንት ግን አልተለወጠም። ሲኒማ በብሪታንያ ለሠራተኛው ሕዝብ የደረሰው በአብዛኛው በእነዚህ ተጓዥ የፊልም ድንኳኖች ነው። በሰሜን እንግሊዝ ሚቼልና ኬንየን የተባሉት ፊልም ሠሪዎች ከፋብሪካ በር የሚወጣውን ሠራተኛ ይቀርጹ የነበረው በትርኢተኞቹ ትእዛዝ ጭምር ነበር። ቀን የተቀረጸው ሰው ማታ ራሱን ለማየት ከፍሎ ይገባል፤ ከዚያ የበለጠ ማስታወቂያ የለም። በ1994 ብላክበርን ውስጥ በበርሜል ተቀምጠው የተገኙት ወደ 800 የሚጠጉ ፊልሞቻቸው ዛሬ የዚያን ዘመን ሕዝብ ፊት የምናይባቸው መዛግብት ሆነዋል። ቋሚ ሲኒማ ቤት ሲስፋፋና የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ተጓዡ ፊልም አበቃ። ቤተሰቦቹ ግን አብረው አላበቁም። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በዚያው መሬት ላይ እየተጋጩ የሚነዱ የኤሌክትሪክ መኪኖችን አቆሙ። መናፍስት፣ ፊልም፣ መኪና፤ ተለዋዋጩ ይህ ነው። እንዲያውም ብድር የሚሰጠውም ቢሆን ማሽኑን ብቻ አይቶ አያበድርም። በሺህ ፓውንድ የሚገመት መጫወቻ ዕዳው የሚከፈለው በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት በየትኞቹ ከተሞች እንደሚቆም ከታወቀ ነው፤ ቦታ የሌለው መንኮራኩር የተከመረ ብረት ነው።

ንግዱ ለምን በኩባንያ ሳይሆን በቤተሰብ እጅ እንደሆነ ደግሞ የሥራው ጠባይ ራሱ ይናገራል። ገቢው በሳንቲም የሚሰበሰብ፣ ደረሰኝ የማያውቅ ነበር፤ ገንዘብ መቀበያው ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው ሰው የሚታመን መሆን አለበት፣ ስለዚህም እናት ወይም ሴት ልጅ ትቀመጣለች። ሥራው ለሳምንት ቀዝቅዞ በአንድ ሌሊት ይከመራል፤ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ጠፍቶ ሰኞ በሌላ ከተማ መቆም ያለበት መጫወቻ በሰዓት ተቆጥሮ በሚከፈል ቅጥረኛ ብቻ አይፈርስም። ልጆች አድገው ሲያገቡ አንዱ የኮኮናት መወርወሪያ፣ ሌላው የከረሜላ መሸጫ ይዞ በአባቱ መጫወቻ ጎን ይቆማል። የአንዱ ወገን ልጅ ከሌላው ወገን ስትጋባ ሁለት የጉዞ መስመሮች ይቀራረባሉ። በዚህ ውስጥ የሴቶች ድርሻ ከውጭ ለሚያየው ከሚመስለው የሰፋ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተቋቋመው የጆርጅ ዎምብዌል ተጓዥ የአራዊት ትርኢት ባለቤቱ በ1850 ሲሞት አልተበተነም፤ ሚስቱ መራችው፣ ከእሷ በኋላም ወደ ቦስቶክ ዘመዶቻቸው ተላልፎ እስከ 1931 ኖረ። አንበሳና ዝሆን ይዞ በእንግሊዝ ጭቃ መንገድ የሚሄድን ጓዝ የምትመራ ባልቴት በዘመኑ ሕግ የመምረጥ መብት እንኳ አልነበራትም፤ በሜዳው ላይ ግን ጌታዋ እሷው ነበረች።

እስከዚህ ድረስ የትርኢተኞቹ የቦታ መብት ያልተጻፈ ነበር። ያጻፈው፣ ነገሩ ፌዝ የሚመስል ቢሆንም፣ እነሱን ሥርዓት ለማስያዝ የተነሳ አንድ ቀና ሰው ነው። የኮልቪሉ ጆርጅ ስሚዝ በጡብ ፋብሪካ ለሚሠሩ ሕፃናትና በቦይ ጀልባ ላይ ለሚያድጉ ልጆች ታግሎ ሕግ ያስወጣ የማኅበራዊ ለውጥ አቀንቃኝ ነበር። በ1880ዎቹ ፊቱን በሠረገላ ወደሚኖሩት አዞረ። ያረቀቀው ሕግ ተንቀሳቃሽ መኖሪያ ሁሉ እንዲመዘገብ፣ ተቆጣጣሪ ገብቶ እንዲፈትሽ፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት እንዲገቡ የሚያስገድድ ነበር። የስሚዝ ርኅራኄ እውነተኛ ነበር፤ ግን በሠረገላ የሚኖረውን ሁሉ ድሀና ባለጌ አድርጎ መፈረጁ ትርኢተኞቹን አስቆጣ። በ1889 በሳልፎርድ ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። መሪያቸውም በጊዜው በስም የገነነው የሰርከስ ባለቤት «ሎርድ» ጆርጅ ሳንገር ሆነ፤ ሎርድነቱን የሾመው ራሱ ነው። ረቂቁ ተደጋግሞ ለፓርላማ ቢቀርብም አላለፈም። ማኅበሩ ግን አልፈረሰም፤ ቆይቶ የብሪታንያ የትርኢተኞች ጊልድ ተባለ። ሊበትናቸው የነበረው ሕግ በአንድ አሰለፋቸው።

ማኅበሩ ካወጣቸው ደንቦች ሁሉ የሚበልጠው ስለ ቦታ የሚደነግገው ነው። አንድ አባል በአንድ ገበያ ላይ ለተከታታይ ዓመታት በአንድ ቦታ ከቆመ የጸና መብት ያገኛል። ሌላ አባል የበለጠ ኪራይ አቅርቦ ሊያስለቅቀው አይችልም፤ ከሞከረ ይቀጣል። መብቱ ወደ ልጅ ይተላለፋል። በዚህ በኩል ከእኛው ርስት ጋር ይመሳሰላል፤ መሬቱን ባለርስቱ አይሸጠውም አይለውጠው ይሆናል፣ የትውልድ ቆጠራው ግን ያጸናለታል። ልዩነቱም የዚያኑ ያህል ትልቅ ነው። የእኛ ተረት ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይላል፤ የትርኢተኛው ርስት ግን ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ በጥቂት ዓመት ይጠፋል። መገኘት ግዴታ ነው። ዝናብ ቢዘንብ፣ ገቢው ቢደርቅ፣ ቤተሰቡ ቢያዝን በቀኑ ሜዳው ላይ መቆም አለበት። ተጓዥነቱ ራሱ እንግዲህ ከመሬት መላቀቅ አልነበረም፤ መሬቱን የማስጠበቂያ መንገድ ነበር።

የዚህ ሥርዓት ኃይል በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ በግልጽ ይታያል። ፓት ኮሊንስ በ1859 በቼስተር አቅራቢያ ከአይሪሽ ወገን ከሆነ ተጓዥ ቤተሰብ ተወለደ፤ በዋልሶል አጠገብ በምትገኘው ብሎክስዊች መቀመጫውን አድርጎ የመካከለኛውን እንግሊዝ ገበያዎች አንድ በአንድ ያዘ። ማኅበሩን ለሃያ ዓመት ያህል በፕሬዚዳንትነት መራ። ከ1922 እስከ 1924 ዋልሶልን ወክሎ የሊበራል ፓርቲ የፓርላማ አባል ሆነ፣ በ1938 ደግሞ የከተማዋ ከንቲባ። የአባቱ ትውልድ ከከተማ በር እየተገፋ፣ ልጁ የከተማዋን የከንቲባ ሰንሰለት አጠለቀ። ይህን ለውጥ ያመጣው የመጫወቻዎቹ ድምቀት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በየከተማው ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ሜዳውን በሙሉ የሚከራይ፣ ለሌሎች ቤተሰቦች የሚያከፋፍል፣ ቃሉ የሚታመን ሰው ስለነበረ ነው። በ1943 ሲሞት ስሙ በመጫወቻዎቹ ላይ ተጽፎ ቀረ፤ ድርጅቱም በስሙ መዞሩን ቀጠለ።

ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ሥርዓቱን ፈተኑት። መብራት ማብራት ተከለከለ፣ ወጣቶቹ ዘመቱ፣ ትልልቆቹ ገበያዎች ቆሙ። በሁለተኛው ጦርነት ማኅበሩ 5,000 ፓውንድ አሰባስቦ ለአየር ኃይሉ አንድ ስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን አበረከተ፤ ስሙንም የካርኒቫል ደስታ የሚል ትርጉም ያለው አደረጉት። ክርክሩ የመጣው ከሰላም በኋላ ነው። ለዓመታት የተቋረጠ ገበያ ሲከፈት ቦታው የማን ነው? በብራድፎርድ ገበያ ላይ ሁለት አባላት በአንድ ቦታ ተካሰሱ። የማኅበሩ ኮሚቴ ሊ የተባለው አባል ተገቢ ያልሆነ ውድድር አድርጓል ብሎ 100 ፓውንድ ቀጣው፤ አልከፍልም ሲል ከአባልነት ተወገደ። ጉዳዩ በ1952 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዳኛ ዴኒንግም የማኅበር ሸንጎ የራሱን ደንብ በፈለገው መንገድ ተርጉሞ ሰውን ከእንጀራው ሊያስወጣ አይችልም፣ የሕግ ትርጉም የፍርድ ቤት ሥልጣን ነው ሲሉ ለሊ ፈረዱ። ይህ ውሳኔ ዛሬም በሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠናል፤ ከሚያጠኑት ብዙዎቹ የክርክሩ ሥር አንድ የካርኒቫል ሜዳ ላይ ያለች ቁራሽ ቦታ መሆኗን ልብ አይሉም። ለእኔ ክርክር ግን ዋናው ነጥብ ዳኞቹ ያዩት ነገር ነው። ከማኅበሩ መወገድ ማለት ከክለብ መባረር ማለት አይደለም፤ ቦታ ማጣት ነው፣ ቦታ ማጣትም ሥራ ማጣት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ተቃውሞ የሁሉም ከባዱ ነው። ይህ ሁሉ የቃላት ጌጥ ነው፣ በእርግጥ ያለው ጥቂት ቤተሰቦች ተማምለው ሌላውን በር የዘጉበት ሽርክና ነው ሊባል ይችላል። በከፊል ልክ ነው፤ አድበስብሶ ማለፍም አያስፈልግም። በወገን ካልተወለደ ወይም ካልተጋባ በቀር ወደዚህ ንግድ መግባት ለረጅም ጊዜ እጅግ ከባድ ነበር። የብሪታንያ የውድድር ባለሥልጣንም በ2015 መጨረሻ ምርመራ ከፍቶ፣ የማኅበሩ ደንቦች አባላት እርስ በርስ እንዳይወዳደሩና አባል ያልሆነ እንዳይገባ ያግዳሉ የሚል ቅሬታ አቀረበ፤ በጥቅምት 2017 ማኅበሩ ደንቦቹን ለማላላትና በሩን ለመክፈት የገባውን ግዴታ ተቀብሎ ጉዳዩን ዘጋ። ባለሥልጣኑ ተሳስቷል አልልም። ነገር ግን ውድድሩ በየዓመቱ በጨረታ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው። በሚቀጥለው ዓመት መቆሙን የማያውቅ ሰው ውድ መጫወቻ አይገዛም፣ ያለውንም በደንብ አይጠግንም፤ በአንድ ወቅት ያገኘውን አፍሶ ይሄዳል። ከዚህም ሌላ የመሬቱ ባለቤት የሆነው ከተማ ወይም ባለርስት ኪራዩን በጨረታ እያናረ ትርፉን ሁሉ ይወስደው ነበር። በሩን መዝጋቱ ጥፋት ነው ከተባለ፣ ንግዱ በቤተሰብ እጅ የቆየበት ምክንያትም ያው ጥፋት መሆኑን አብሮ መቀበል ይገባል። ሁለቱን ነጣጥሎ አንዱን ማድነቅ፣ ሌላውን ማውገዝ አይሆንም።

አሜሪካን የሚጠቅሱም አሉ። እዚያ እንዲህ ያለ ማኅበርም የጸና የቦታ መብትም የለም፤ የቤተሰብ ካርኒቫል ግን ሞልቷል። ከ1893ቱ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በኋላ በዚያ የነበረው የመዝናኛ ጎዳና አምሳል በባቡር እየተጫነ በአገሩ ሁሉ መዞር ጀመረ፤ ከግሪክ በ1909 በስደት የመጣው ጄምስ ስትሬትስም በ1923 በትግል ስፖርት ካገኘው ገንዘብ ሽርክና ገዝቶ የጀመረው ካርኒቫል በ1959 ሲሞት ለልጁ ተላልፏል፣ በራሱ ባቡር መጓዙም ለብዙ አሥርት ዓመታት መታወቂያው ሆኖ ቆይቷል። ጥሩ ምሳሌ ነው። ሆኖም በአሜሪካ የቻርተሩን ሥራ የሚሠራው ከየግዛቱ የእርሻ ኤግዚቢሽን ጋር የሚፈረመው ውል ነው፤ የውሉ ዕጣ ሲለወጥ የሚሆነውን የሮያል አሜሪካን ታሪክ ያሳየናል። የዘድልማየር ቤተሰብ ይመራው የነበረው ይህ ድርጅት በዘመኑ በባቡር ከሚጓዙት ሁሉ ግዙፉ ነበር። በ1975 በካናዳ ኤድመንተን ፖሊስ ሒሳቡን ፈልጎ ድንገት ገባበት፤ ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ወደ ካናዳ አልተመለሰም፣ የምዕራብ ካናዳውን መስመርም ሌላው የካርኒቫል ቤተሰብ፣ ኮንክሊኖች፣ ወረሱት። መጫወቻዎቹ ነበሩ፣ ባቡሩ ነበር፣ ስሙና ልምዱ ነበረ፤ ቦታውና ቀኑ ግን በሌላ ሰው እጅ ገቡ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ድርጅቱ ከናካቴው ጠፋ። ኮንክሊኖቹም በበኩላቸው በ2004 ከሌሎች ጋር ተዋህደው የአንድ ትልቅ ኩባንያ አካል ሆኑ። ውል ለአንድ ትልቅ ፈራሚ ይመቻል፣ የጸና መብት ደግሞ ለብዙ ትንንሽ ቤተሰቦች። የሁለቱ አገሮች ንግድ መልክ የተለያየው በዚህ ይመስለኛል።

የቀረው ማብራሪያ የደምና የባህል ነው። ትርኢተኞቹ የራሳቸው አነጋገር፣ የጋብቻ ልማድና ኩራት ያላቸው ሕዝብ ናቸው፤ በሠረገላ ከሚኖሩት ከሮማ ጂፕሲዎች ጋር ሲያመሳስሏቸውም አይወዱም። ከ1904 ጀምሮ የራሳቸው ሳምንታዊ ጋዜጣ ነበራቸው። የስኮትላንድ የሕዝብ ቆጠራ በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ ትርኢተኛ ለሚል ማንነት የራሱን ሣጥን ሰጥቷል። ባህሉ አለ፣ አይካድም። ግን ባህል ከምን ይበቅላል? በየዓመቱ በአንድ ሳምንት በአንድ ሜዳ የሚገናኙ ቤተሰቦች ናቸው የሚጋቡት፣ የሚጣሉት፣ የሚታረቁት። ገበያው የዘመድ መገናኛም ነው። የገበያዎቹ ሰንሰለት ተበጥሶ ቢሆን ኖሮ ደሙ ብቻውን ሕዝብ አድርጎ አያቆያቸውም ነበር። ከተሞቹም ቢሆኑ ሜዳውን ሲያዛውሩ ጠንቅቀው ማወቅ የሚገባቸው ይህንን ነው። ኖቲንግሃም በ1928 የዝይ ገበያውን ከከተማው መሐል አደባባይ አስወጥታ ፎረስት ወደተባለው ሜዳ ስትወስደው ብዙ ተቃውሞ ነበር፤ ገበያው የተረፈው ሌላ የተረጋገጠ መሬትና ያው የጥቅምት መጀመሪያ ቀን ስለተሰጠው ነው። በ2020ና በ2021 በወረርሽኙ ምክንያት ቀርቶ በ2022 ሲመለስ ጊዜው ወደ አሥር ቀን ተራዘመ። የሃል ከተማ ገበያም ከ1888 ጀምሮ በዋልተን ጎዳና ላይ በየጥቅምቱ ይቆማል።

ዛሬ የሚያሰጋው ግን የገበያው ሜዳ ሳይሆን የብርዱ ወራት ማደሪያ ነው። የ1960 የካራቫን ሕግ ለተጓዥ ትርኢተኞች ልዩ ነጻነት ሰጥቷል፤ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጨረሻ ዕቃቸውን ይዘው ለሚያርፉበት ቦታ የካራቫን ፈቃድ አይጠየቁም። ሕጉ የተጻፈው ሁሉም ሰው በመጋቢት ጓዙን ጠቅልሎ ይነሳል በሚል እምነት ነበር። አሁን ሽማግሌዎቹ ከማደሪያው አይነሱም፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት አላቸው፣ መጫወቻዎቹ ገዝፈው ዓመቱን ሙሉ የመጠገኛ ግቢ ይፈልጋሉ። ከተሞች ሲስፋፉ ደግሞ እነዚያ ግቢዎች የሚገኙባቸው የኢንዱስትሪ ሰፈሮች ለመኖሪያ ሕንፃ ይፈለጋሉ፤ ብዙ የትርኢተኛ ቤተሰቦች በሚኖሩባት በግላስጎው ለ2014ቱ የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ዝግጅት ከተነሱት መካከል የእነሱ ግቢዎች ነበሩበት። በእንግሊዝ በ2007 የወጣው የፕላን መመሪያ ምክር ቤቶች የትርኢተኞችን የመሬት ፍላጎት እንዲያጠኑ አዘዘ፤ ማዘዝና መሬት መስጠት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማኅበሩ ከመቶ ዓመት በላይ የተሟገተው ለስድስትና ለአሥር ቀን ለሚቆሙበት ሜዳ ነው፣ በዚያም አሸንፏል። ለቀሪው የዓመቱ ክፍል የጸና መብት አላበጀም፤ የቤተሰቦቹ ንግድ ከዚህ በኋላ የሚሰነብተው ያንን ማግኘት ከቻለ ብቻ ነው።